የሻወር ሆዝ ራስን ችሎ መቀየር፦ ከመግዛት እስከ መፈተሽ

ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ያለው የእናቴ ቤት የሻወር ክፍል ግድግዳ ለወራት አልደረቀም ነበር። ማናችንም አልጠረጠርንም። ጅማ ነዋ! እዚህ ዝናቡ ቶሎ ይገባል፣ ቶሎም አይወጣም። ክረምት ላይ የታጠበ ልብስ ሁለት ሦስት ቀን ተሰጥቶ እንኳ እርጥበቱ አይለቀውም። ስለዚህ የግድግዳው ቀለም ሲላጥ፣ ጥግ ጥጉ ሲሻግት "አየሩ ነው" ብለን አለፍነው። እናቴ ግን ከሻወሩ ሥር ባልዲ አስቀምጣ ነበር። ማታ ባዶውን ታስቀምጣለች፣ ጠዋት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ታነሳዋለች።

አንድ ቅዳሜ ባልዲውን አንስቼ በቦታው ሩብ ሊትር የሚይዝ ብርጭቆ አስቀመጥኩ። በአሥር ደቂቃ ሞላ። ሒሳቡ ቀላል ነው። በሰዓት ስድስት ብርጭቆ፣ ማለትም አንድ ሊትር ተኩል። በቀን 36 ሊትር። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። በሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ያ ሁሉ የሚንጠባጠበው ሌሊት እየተነሳን ከምንሞላው ሮቶ ነበር።

ጥፋቱ የሻወሩ ሆዝ ላይ ነበር። አንዳንዱ ሰው ጎማ ይለዋል፣ አንዳንዱ ቱቦ። ከሚክሰሩ፣ ማለትም ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ ከሚቀላቅለው ቧንቧ ተነስቶ በእጅ እስከሚያዘው የሻወር ራስ የሚሄደው ተጣጣፊ ነገር ነው። መቀየሩ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ግን ሁለት ጊዜ ነው የቀየርኩት። የመጀመሪያውን ያበላሸሁት በጉልበት ስላጠበቅኩት ነው። እናንተ በአንዴ እንዲሳካላችሁ የተማርኩትን ሁሉ እዚህ እጽፋለሁ።

ከመግዛታችሁ በፊት፦ በእርግጥ ሆዙ ነው?

ይህን ክፍል እባካችሁ አትዝለሉት። ብዙ ሰው ሆዝ ገዝቶ፣ ቀይሮ፣ ጠብታው አሁንም አለ። ምክንያቱም ጥፋቱ መጀመሪያም ሆዙ ላይ አልነበረም።

ሆዙ ያለው ከሚክሰሩ በኋላ ነው። ሚክሰሩን ስትዘጉ ወደ ሆዙ ውሃ መግባት የለበትም። እንግዲህ ሚክሰሩን ግጥም አድርጋችሁ ዝጉና ሩብ ሰዓት ጠብቁ። መጀመሪያ ላይ ውስጡ የቀረው ውሃ ትንሽ ይንጠባጠባል፣ እሱ ችግር አይደለም። ከዚያ በኋላም ካላቆመ ጥፋቱ የሚክሰሩ የውስጥ ዕቃ ነው። የፈለጋችሁትን ሆዝ ብትገጥሙ አይረዳም። የሚክሰሩን የውስጥ ዕቃ መቀየር ሌላ ሥራ ነው፣ ለእሱ የቧንቧ ሠራተኛ ጥሩ።

ሚክሰሩ ሲዘጋ ጠብታው ከቆመ፣ ሲከፈት ደግሞ ከተመለሰ፣ ነገሩ ያለው ሆዙ አካባቢ ነው። እኛ ቤት ጠብታው ሌሊት ሁሉ የማያቆመው ለምን ይመስላችኋል? የሻወሩ ራስ ላይ ትንሽ መዝጊያ አለችው። ልጆቹ ታጥበው ሲጨርሱ የሚዘጉት በእሷ ነው። ሚክሰሩ ክፍት ሆኖ ያድራል። ሆዙ ቀን ከሌት ግፊት ተሸክሞ ይኖራል ማለት ነው። የሻወር ሆዝ ደግሞ የሚሠራው ሰው በሚታጠብበት ሰዓት ብቻ ግፊት እንዲችል ታስቦ ነው። እንዲህ ሲከርም የውስጡ ቱቦ ይነፋል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ሆዙን ከቀየራችሁ በኋላም ይህን ልማድ ካልተዋችሁ አዲሱም ብዙ አይቆይም።

አሁን ቦታውን እንፈልግ። ሆዙን ከላይ እስከ ታች በጨርቅ አድርቁት። ደረቅ ሶፍት ውሰዱና በሁለቱ ጫፎች ላይ፣ ማለትም ሚክሰሩ ጋ እና የሻወሩ ራስ ጋ ጠቅልሉ። ውሃውን ለሁለት ደቂቃ ክፈቱ። የትኛው ሶፍት ቀድሞ እንደረጠበ አስተውሉ። ከጫፎቹ በአንዱ ብቻ ከሆነ፣ ጥፋቱ ምናልባት በጥቂት ብር የምትገዛ ጎሚኒ፣ ማለትም መገጣጠሚያው ውስጥ የምትቀመጥ ቀለበት መሳይ ጎማ ናት። ሆዙን መቀየር ላያስፈልግ ይችላል።

አካሉ ላይ ካፈሰሰ ግን ሆዙ አልቆለታል። እዚህ ላይ የሚያሳስት ነገር አለ። የሚያብረቀርቀው ብረት ውሃ አይዝም። ውሃ የሚይዘው ውስጥ ያለው ቀጭን የጎማ ወይም የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ ብረቱ ጃኬት ነው። የውስጡ ቱቦ አንድ ቦታ ሲሰነጠቅ ውሃው በጃኬቱ ውስጥ ቁልቁል ወርዶ ሌላ ቦታ ብቅ ይላል። ስለዚህ ውሃ በምታዩበት ቦታ ላይ ፕላስተር ብትጠቀልሉ ወይም የብስክሌት ጎማ ቀዳችሁ ብታስሩ ዝቅ ብሎ ይወጣል። እኛም አስረን ነበር። ሁለት ቀን አልቆየም።

ሱቅ ስትሄዱ

ከተቻለ አሮጌውን ፈትታችሁ ይዛችሁት ሂዱ። ካልተቻለ ሁለቱንም ጫፎች በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። እኔ ሒርማታ መርካቶ አካባቢ ካሉት የሕንፃ መሣሪያ ሱቆች ስገባ ባለሱቁ መጀመሪያ የጠየቀኝ "ሀፍ ነው አይደል?" ብሎ ነው። ሀፍ ማለት ግማሽ ኢንች ነው። አብዛኛው የሻወር ሆዝ በሁለቱም ጫፍ ግማሽ ኢንች ነው። ነገር ግን በማስመሪያ ብትለኩት ግራ ትጋባላችሁ። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር መሆን ነበረበት፤ የሚክሰሩን አፍ ጥርስ (ሆዙ እየዞረ የሚገባበትን ጠመዝማዛ መስመር) ከውጭ ስትለኩት ግን 21 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። አትደንግጡ። አጠራሩ የመጣው ከድሮ ቧንቧ የውስጥ ስፋት ነው። 21 ገደማ ካገኛችሁ ሀፍ ነው፣ ጨርሳችኋል።

አንዳንድ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ ውሃውን እያሳለፈ ወዲያው የሚያሞቅ ትንሽ ማሞቂያ አለ። የእሱ ሆዝ አንዳንዴ ቀጭን ፕላስቲክ ሆኖ ጥርስ የሌለው፣ እየተገፋ የሚገባ ዓይነት ነው። እንዲህ ያለውን አሮጌውን ሳትይዙ ለመግዛት አትሞክሩ።

ርዝመቱን በገመድ ለኩ። አንዱን ጫፍ ሚክሰሩ አፍ ላይ ይዛችሁ፣ ሌላውን ሻወሩ በሚሰቀልበት ማንጠልጠያ ላይ አድርጉ፤ መሃሉ ትንሽ እንዲረግብ ተዉት። በብዛት የሚሸጠው 1.5 ሜትር ነው። ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። 1.2 ሜትር ርካሽ ነው፣ ግን ሲሳብ ይወጠርና ዳዶው (ጫፉ ላይ እየዞረ የሚጠብቀው ክፍል) ሥር ይሰበራል። ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚታጠቡ አዛውንት ካሉ ወይም ሳፋ ውስጥ የሚታጠብ ሕፃን ካለ 2 ሜትር ውሰዱ። እኔ ለእናቴ የወሰድኩት ባለ 2 ሜትሩን ነው። ጉልበቷን ያማታል፣ ተቀምጣ ነው የምትታጠበው። በ1.5 ሜትሩ ጊዜ ሻወሩን ወደ ጀርባዋ ለማድረስ ትቸገር እንደነበር የነገረችን አዲሱን ካየች በኋላ ነው። አስቀድሜ ባለመጠየቄ ቆጨኝ። እናንተ ጠይቁ።

ጥራቱን እዚያው ቆማችሁ ፈትሹ። ሦስት ነገር እዩ።

አንደኛ፣ ዳዶው። ከነሐስ የተሠራ ከበድ ይላል፣ ጥርሱ ወፍራምና ጥርት ያለ ነው። ፕላስቲክ ሆኖ ላዩን ብቻ ብረት መሳይ ቅብ የተቀባው ቀላል ነው፤ በጥፍራችሁ ብታንኳኩት ድምፁ ያሳብቅበታል። ፕላስቲኩን ስታጠብቁት በቀላሉ ጥርስ ይበላል።

ሁለተኛ፣ ሆዙን ዳዶው አጠገብ እጠፉት። ከሁሉም ቦታ ቀድሞ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። ጠንክሮ የሚመለስ ከሆነ ጥሩ። ተጨፍልቆ የሚቀር ከሆነ ወይም በብረቱ ቀለበቶች መካከል ክፍተት ከታየ ተዉት።

ሦስተኛ፣ ዳዶው በሆዙ ላይ በነፃነት ይዙር። ዳዶው ሲዞር ሆዙም አብሮ የሚጠማዘዝ ከሆነ ስትገጥሙት ይቋጠራል።

ብረት ይሻላል ወይስ ለስላሳው ፕላስቲክ? ብዙ ሰው ብረቱን የሚመርጠው ስለሚያብረቀርቅ ነው። ለጅማ እርጥበት እኔ ወፍራሙን ለስላሳ ፕላስቲክ እመርጣለሁ። ቆሻሻና ሻጋታ የሚደበቅበት ቀለበት የለውም፣ በጨርቅ አንዴ ሲጠረግ ይጸዳል። ብረት ከሆነ ምርጫችሁ ዝገት የማይዘው ዓይነት ይሁን። ተራ ብረት ላይ የተቀባው ቅብ ሲላጥ ዝገቱ የሻወሩን ወለል ያቀልመዋል።

ከመውጣታችሁ በፊት ካርቶኑ ውስጥ ሁለት ጎሚኒ መኖሩን አረጋግጡ። ካለም አራት ትርፍ ጎሚኒ ግዙ። ለሀፍ የሚሆነው ውጫዊ ስፋቱ 18 ወይም 19 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በኋላ ታመሰግኑኛላችሁ።

መሣሪያ

ብዙ አያስፈልግም። የሚጠብና የሚሰፋ መፍቻ ወይም ፒንሳ፣ አሮጌ ጨርቅ፣ የጥርስ ቡሩሽ፣ አቼቶ፣ ባልዲ፣ ሶፍት። ትልቁን የቧንቧ መፍቻ፣ ያንን ጥርሳሙን፣ ቦታው ላይ ተዉት። ዳዶውን ይጨፈልቃል፣ ቅቡን ይልጣል። የመጀመሪያውን ሆዝ ያበላሸሁት በእሱ ነው።

መቆሚያ ካስፈለጋችሁ አራት እግር ያለው ወንበር ፈልጉ። የጅማ በርጩማ ለመቀመጫ የሚያህለው የለም፤ ባለ ሦስት እግሩን እርጥብ ሴራሚክ ላይ አድርጎ መቆም ግን አደጋ ነው።

ውሃውንና መብራቱን መዝጋት

ሚክሰሩ በደንብ የሚዘጋ ከሆነ ሆዙን ለመፍታት የቤቱን ውሃ በሙሉ መዝጋት ግዴታ አይደለም። እኔ ግን ሁሌም እዘጋለሁ። ምክንያቱም አሮጌ ሚክሰር ሲነካካ ያልታሰበ ነገር ሊሰበር ይችላል። በዚያ ሰዓት መዝጊያ ፍለጋ መሮጥ አይፈለግም።

ሁለት መዝጊያ እንዳለ አስታውሱ። አንዱ ቆጣሪው አጠገብ ነው። ሌላው ሮቶው ሥር ነው። ሮቶ ያለው ሰው የቆጣሪውን ብቻ ዘግቶ "ለምን አልቆመም?" ይላል። ሁለቱንም ዝጉ። ከዚያ ሚክሰሩን ከፍታችሁ ቧንቧው ውስጥ የቀረው ግፊት ይውጣ፣ መልሳችሁ ዝጉት። መዝጊያው ለዓመታት ያልተነካ ከሆነ በኃይል አታዙሩት፤ ትንሽ ወዲያ፣ ትንሽ ወዲህ እያደረጋችሁ አላምዱት።

ቦይለር ወይም ማሞቂያ ካለ መብራቱን ብሬከሩ ላይ አጥፉ። የግድግዳው ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ አይበቃም። እጃችሁ እርጥብ ነው፣ ወለሉ እርጥብ ነው፣ የያዛችሁት ብረት ነው። ማሞቂያው ሲነካ የሚነዝር ከሆነ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ሆዙን ተዉትና መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጥሩ። ይህ "ለምደነዋል" የሚባል ነገር አይደለም። ሰው ይገድላል።

የወለሉን ፍሳሽ ቀዳዳ በጨርቅ ድፈኑት። የወደቀች ጎሚኒ እዚያ ከገባች አትገኝም።

አሮጌውን መፍታት

መጀመሪያ የላይኛውን፣ የሻወሩን ራስ ፍቱ። አብዛኛውን ጊዜ በእጅ ይፈታል። የሻወሩ ራስ እጀታ ፕላስቲክ ስለሆነ መፍቻ አያስፈልገውም።

ቀጥሎ የታችኛውን፣ ሚክሰሩ ላይ ያለውን። መፍታት ወደ ግራ፣ ማጥበቅ ወደ ቀኝ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ችግሩ የብዙ ሚክሰር አፍ ወደ ታች ማየቱ ነው። እኛ ቆመን ቁልቁል እያየን ወደ ግራ ስናዞር ዳዶው እየጠበቀ ነው! አልፈታ አለ ብለን ኃይል እንጨምራለን፣ እሱ ይብሱን ይጠብቃል። ስንት ሚክሰር በዚህ ተሰብሯል።

ዘዴ ላሳያችሁ። ቀኝ እጃችሁን ጨብጡ፣ አውራ ጣታችሁን ብቻ ዘርጉ። አውራ ጣታችሁ ዳዶው እንዲሄድ ወደምትፈልጉበት ይጠቁም። ሊፈታ ከሆነ ከሚክሰሩ ወርዶ መውጣት አለበት፣ ስለዚህ ወደ ታች ጠቁሙ። የተጠቀለሉት አራቱ ጣቶች የሚያሳዩት አቅጣጫ ዳዶውን የምታዞሩበት ነው። ስታጠብቁ ደግሞ አውራ ጣቱን ወደ ላይ። ይህ ለማንኛውም ዳዶ፣ ወዴትም ቢያይ፣ ይሠራል። ለጋዝ ሲሊንደር ግን አትጠቀሙበት፤ የጋዝ ጥርስ ብዙ ጊዜ ግራኝ ነው።

በእጅ እምቢ ካለ ዳዶውን በጨርቅ ሸፍናችሁ በመፍቻ ያዙት። በሌላው እጃችሁ ሚክሰሩን ራሱን ደግፉት። ካልደገፋችሁት ኃይሉ ግድግዳ ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ይሄዳል። እሱ ከላላ ደግሞ ሴራሚክ ማስፈረስ ይመጣል።

አሁንም እምቢ? አትታገሉት። ነጭ ነገር ጋግሮ ከያዘው ጨርቅ በአቼቶ ነክራችሁ ዳዶው ላይ ጠቅልሉ፣ በፌስታል ሸፍናችሁ እሰሩት፣ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ተዉት። ቡና አፍልታችሁ ጠጡ። ከሦስተኛው ስኒ በኋላ ብዙውን ጊዜ ይለቃል። አቼቶ በምትጠቀሙበት ቀን ግን በረኪና እዚያ ክፍል ውስጥ እንዳታፈሱ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ጠባብ የሻወር ክፍል ውስጥ ደግሞ መውጫ የለውም።

ዳዶውን ስትፈቱ ከሚክሰሩ ላይ አጭር የብረት ቁራጭ አብራ ተፈትታ ከወጣች አትደናገጡ። ኒፕል ናት። ኒፕሏ ሚክሰሩ ውስጥ የምትገባበት ጥርስ ላይ ብዙ ጊዜ ቴፍሎን (ጥርስ ላይ የሚጠቀለል ስስ ነጭ ቴፕ) ያስፈልጋል። አሮጌውን ቴፍሎን ጠርጋችሁ አዲስ ጠቅልሉና መልሳችሁ አጥብቁ። ከዚያ ወደ ሆዙ ተመለሱ።

ጎሚኒዋ

ይህን ከልቤ ነው የምጽፈው፣ ምክንያቱም የሥራው ቁልፍ እዚህ ነው። የሆዙ መገጣጠሚያ ላይ ውሃ የሚያቆመው ጥርሱ አይደለም። ጥርሱ የሚሠራው ዳዶውን ወደ ላይ መሳብ ብቻ ነው። ውሃ የምታቆመው በሆዙ ጫፍና በሚክሰሩ አፍ መካከል ተጨምቃ የተቀመጠችው ጎሚኒ ናት። እሷ በመጠኑ ስትጨመቅ ክፍተቱን ሁሉ ትሞላለች። ከመጠን በላይ ስትጨመቅ ትሰነጠቃለች ወይም ወደ ጎን ሸርተት ትላለች። ያኔ ውሃው ይፈሳል። እኛ ደግሞ ሲፈስ "አልጠበቀም" ብለን ይበልጥ እናጠብቃለን። የመጀመሪያው ሙከራዬ ታሪክ ይኸው ነው። ፈትቼ ሳየው ጎሚኒዋ ለሁለት ተቆርጣ ነበር።

ሁለት ነገር ከዚህ ይከተላል። የሆዙ ጥርስ ላይ ቴፍሎን አይጠቀለልም። ቴፍሎኑ ጥርሱን ያወፍረዋል፣ ዳዶው ጎሚኒዋን በቅጡ ሳይጨምቃት መሃል ላይ ይያዛል። የቧንቧ ሠራተኞች ሳይቀሩ ይጠቀልላሉ፣ አውቃለሁ። ግን ጎሚኒዋ ደህና ከሆነች አያስፈልግም፣ ጎሚኒዋ ካረጀች ደግሞ አያድንም።

ሌላው፣ ጎሚኒዋ የምታርፍበት የሚክሰር አፍ ለጥ ያለና ንጹሕ መሆን አለበት። አሮጌዋ ጎሚኒ እዚያው ተጣብቃ ልትቀር ትችላለች፤ በጥፍር ወይም በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት አውጧት። ሁለት ጎሚኒ ተደራርበው አይሠሩም። አፉን በጥርስ ቡሩሽና በአቼቶ አጽዱ፣ አድርቁ፣ ጣታችሁን ዙሪያውን አስኪዱበት። ሻካራ ነገር ከተሰማችሁ ገና አልጸዳም።

ሚክሰር የሌለበት፣ ከግድግዳ የወጣ የብረት ቧንቧ ላይ ሆዝ የሚገጥሙ ቤቶችም አሉ። በመጋዝ የተቆረጠ የቧንቧ ጫፍ ስለታም ነው፣ ጎሚኒዋን እንደ ምላጭ ይቆርጣታል። ጫፉን በሞረድ ሞርዳችሁ አስተካክሉት።

አዲሱን መግጠም

የሆዙን ሁለት ጫፎች እዩ። ብዙ ጊዜ አንዱ ስድስት ጎን ወይም ሸካራ ዳዶ ነው፣ እሱ ወደ ሚክሰሩ ይሄዳል። ሌላው ወደ ጫፉ እየሰፋ የሚሄድ ሾጣጣ ነው፣ እሱ ወደ ሻወሩ ራስ። ሾጣጣው የተሠራው ግድግዳው ላይ ያለው ማንጠልጠያ እንዲይዘው ነው። ገልብጣችሁ ከገጠማችሁት ውሃው ይመጣል፣ ሻወሩ ግን ማንጠልጠያው ላይ አይቆምም።

አንዳንድ ሆዝ ጫፉ ውስጥ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ አለው። ቀዳዳ ያላት ቀጭን ክብ ከሆነች ውሃ ለመቆጠብ የገባች ናት። ውሃችሁ ከሮቶ ብቻ የሚወርድ ከሆነ ብታወጧት ይሻላል። የሮቶ ግፊት ትንሽ ነው፤ አሥር ሜትር ከፍታ አንድ ባር ስለሚሰጥ ከሻወሩ ራስ ሦስት ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ሮቶ የሚሰጠው 0.3 ባር ነው። በዚያ ላይ መቀነሻ ሲጨመር ሻወሩ ይንጠባጠባል እንጂ አይወርድም። ስፕሪንግ ያላት፣ ስትጫን ገባ የምትል ከሆነች ግን አትንኳት። ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የምትከለክል ናት።

ጎሚኒዋን ዳዶው ውስጥ አስገቡ፣ በጣት ተጫኗት፣ ለጥ ብላ መቀመጧን እዩ። ዳዶውን ወደ ሚክሰሩ አፍ አስጠጉና በሁለት ጣት ብቻ ማዞር ጀምሩ። መጀመሪያ ግማሽ ዙር ያህል ወደሚፈታበት አቅጣጫ አዙሩት፤ "ቀጭ" ብሎ ጥርሱ ሲገጣጠም ይሰማችኋል። ከዚያ ወደሚጠብቅበት። ከሁለተኛው ዙር በፊት ከከበዳችሁ ጥርሱ ተዛንፏል። ፍቱትና እንደገና ጀምሩ። በግድ የገባ ዳዶ ጥርስ ይበላል።

በእጅ እስከሚቆም አጥብቁ። አሁን መፍቻ። ሩብ ዙር ብቻ። የሰዓት ቆጣሪ ከአሥራ ሁለት ወደ ሦስት የሚሄደውን ያህል። ከዚያ መፍቻውን አስቀምጡት፣ ከክፍሉ አውጡት።

የሻወሩን ራስ ገና አትግጠሙ። የሆዙን ጫፍ ባልዲ ውስጥ አድርጋችሁ የሮቶውንና የቆጣሪውን መዝጊያ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ሚክሰሩን ከፍታችሁ ውሃው ይውረድ። መጀመሪያ ዝገትና ደለል ይዞ ይመጣል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ውሃው ራሱ የደፈረሰ ሊሆን ይችላል። ጥርት እስኪል ጠብቁ። ይህን ካልዘለላችሁት የሻወሩ ቀዳዳዎች አይደፈኑም። እስከዚያው የሻወሩን ራስ አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ የተደፈኑትን ቀዳዳዎች በመርፌ ክፈቱ።

ውሃውን ዘግታችሁ ሁለተኛዋን ጎሚኒ ሾጣጣው ውስጥ አስገቡና የሻወሩን ራስ በእጅ ብቻ አጥብቁ። እዚህ መፍቻ የለም።

መፈተሽ፣ ካፈሰሰም መፍትሔው

ሁለቱን መገጣጠሚያዎች አድርቃችሁ አዲስ ሶፍት ጠቅልሉ። ሞቅ ያለውንም ቀዝቃዛውንም ክፈቱ፣ አምስት ደቂቃ ይውረድ። ሆዙን አንቀሳቅሱት፣ ሻወሩን ከማንጠልጠያው አውርዳችሁ መልሱት።

ሶፍቱ ከረጠበ ወዲያው ወደ መፍቻው አትሩጡ። ፍቱትና ጎሚኒዋን እዩ። ተዛንፋ ከሆነ አስተካክሏት። ተቆርጣ ከሆነ ከትርፎቹ አንዷን አውጡ። ቀጭን ከሆነች ወፈር ያለችውን ሞክሩ። አፉ ላይ የቀረ ቆሻሻ ካለ አጽዱ። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ሚክሰሩ ላይ ያለው ጥርስ ራሱ የተበላ ሆኖ ካገኛችሁት፣ መቀየር ያለበት ኒፕሉ ወይም ሚክሰሩ ነው።

ቀን የደረቀ ሶፍት ማታ ሊረጥብ ይችላል። በሰፈራችን ሌሊት ብዙ ሰው ስለማይጠቀም የመስመሩ ግፊት ይጨምራል። ስለዚህ የመስመር ውሃ በሚመጣበት ሌሊት አንዴ ክፈቱና እዩት።

ሻታፍ ያላችሁ

የሽንት ቤቱ ሻታፍ (በእጅ የሚያዘው ትንሽ የውሃ መርጫ) ሆዝም ብዙ ጊዜ ሀፍ ነው፣ አገጣጠሙም ይኸው ነው። ልዩነቱ የሻታፍ መዝጊያ ጫፉ ላይ ስለሆነ ሆዙ ሁልጊዜ ግፊት ውስጥ መሆኑ ነው። ስለዚህ ለሻታፍ የሻወር ሆዝ አትግዙ፣ ለሻታፍ የተሠራውን ጠንካራ ሆዝ ጠይቁ። ግድግዳው ላይ ያለችውንም ትንሽ መዝጊያ ተጠቅማችሁ ስትጨርሱ ዝጉ። ቤት ዘግታችሁ አገር ስትሄዱማ ግዴታ ነው። ሻታፍ ሲፈነዳ የሚፈሰው በብርጭቆ አይለካም።

ለመቆየት

ሻወሩን በሚክሰሩ ዝጉ። ሆዙን ማንጠልጠያው ላይ አትቋጥሩት፣ ልብስም አትስቀሉበት። የሻወሩን ራስ የሞላ ባልዲ ወይም ሳፋ ውስጥ ነክራችሁ አትተዉ። ውሃ በሚጠፋበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የመስመሩ ግፊት ድንገት ሲወርድ ቧንቧው ከባልዲው ውስጥ የታጠባችሁበትን ውሃ ወደ ኋላ ሊስብ ይችላል። ያ ውሃ ደግሞ የሚመለሰው ወደምትጠጡበት መስመር ነው። ወዲያው የሚያሞቅ ማሞቂያ ያላችሁ ደግሞ መጀመሪያ መመሪያውን እዩ፤ ብዙዎቹ ከማሞቂያው በኋላ ምንም መዝጊያ እንዲኖር አይፈቅዱም፣ ራሱ ላይ መዝጊያ ያለው ሻወርም ቢሆን።

እናቴ ቤት የሻወሩን ራስ መዝጊያ የሌለው በሆነ ቀየርነው። ልጆቹ አሁን የግዳቸውን ሚክሰሩን ይዘጋሉ። ግድግዳው ለመድረቅ አንድ ወር ያህል ፈጀበት፣ ቀለሙን በጥቅምት እንቀባዋለን። ባልዲውን እናቴ ወደ ጓሮ ወስዳዋለች፤ የጎመን መደቧን ታጠጣበታለች።